የራብ13 አድራሻ፦ መልእክተኛ አር ኤን ኤን በአይጥ ሕዋስ ውስጥ የመፈለግ የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

ሥራው ይህ ነው፦ ራብ13 ከሚባለው ጂን የሚወጣው መልእክተኛ አር ኤን ኤ (ፕሮቲን የሚሠራበትን መመሪያ ከጂኑ የሚያደርሰው ቅጂ፣ ከዚህ በኋላ «መልእክት») በአይጥ ሕዋስ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ አንድ በአንድ ማየት፣ ያየሁትንም በቁጥር መግለጽ። ብዛቱን ብቻ ለማወቅ ቢሆን ኖሮ ሕዋሱን አፍርሶ፣ አር ኤን ኤውን አውጥቶ ኪው ፒ ሲ አር በሚባለው የብዛት መለኪያ ዘዴ መለካት ይበቃ ነበር። ሕዋሱ ሲፈርስ ግን አድራሻው አብሮ ይጠፋል። እኔን የሚስበኝ አድራሻው ነው።

በመጀመሪያ ያሰብኩት የሕዋሱን አጽም ከሚሠሩት ፕሮቲኖች አንዱ የሆነውን ቤታ አክቲንን ነበር። ጂን ሎረንስ እና ሮበርት ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ሥራ፣ በዶሮ ጽንስ ፋይብሮብላስት (የተያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሕዋስ) ውስጥ የአክቲን መልእክት በሕዋሱ ግንባር እንደሚከማች፣ የቫይመንቲን መልእክት ደግሞ በኑክሊየሱ ዙሪያ እንደሚቀር አሳዩ። ለዚህ ዘርፍ መሠረት የሆነ ሥራ ነው። በ1994 እነ ሲንገር ከአክቲን መልእክት ጅራት ላይ 54 ፊደል (ኑክሊዮታይድ) ብቻ ያላት ቁራጭ መልእክቱን ወደ ግንባር ለማድረስ እንደምትበቃ አገኙ፤ ቁራጯም «ዚፕ ኮድ» በሚል ስም ታወቀች። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ለእኔ ማይክሮስኮፕ ግን አክቲን አይመችም። በፋይብሮብላስት ውስጥ ቅጂው እጅግ ብዙ ስለሆነ ነጥቦቹ ተደራርበው አንድ ብርሃን ይሆናሉ።

ራብ13 ይሻላል። ስታቭሩላ ሚሊ፣ ኮንስታዲኖስ ሞይሶግሉ እና ኢያን ማካራ በ2008 በአይጥ ፋይብሮብላስት ውስጥ፣ ሕዋሱ በሚዘረጋቸው ቅጥያዎች ጫፍ የሚከማቹ በርካታ መልእክቶችን ለይተው አሳተሙ። ራብ13 ከእነዚህ አንዱ ነው። በ2020 ደግሞ እነ ሚሊ እኔን ወደዚህ ሥራ የጎተተኝን ነገር ጻፉ፦ መልእክቱን ከዳር ቢያርቁትም ፕሮቲኑ በሕዋሱ ውስጥ የሚሠራጭበት ሁኔታ አልተለወጠም፤ የተጓደለው የፕሮቲኑ ሥራ ነው። ራብ13 ፕሮቲን ከሚሠራበት ማሽን፣ ከራይቦሶም፣ ገና እየወጣ ሳለ እዚያው ዳር ላይ ራቢፍ ከሚባል አጋር ፕሮቲን ጋር ይገናኛል፤ ሌላ ቦታ ከተሠራ ይህ ግንኙነት ይጎድላል፣ የሕዋሱ እንቅስቃሴም ይዳከማል። ስለዚህ መልእክቱ የሚነበብበት ቦታ፣ የሚወለደው ፕሮቲን መጀመሪያ ከማን ጋር እንደሚገናኝ ይወስናል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሌላ ጂን ማሰብ አልቻልኩም።

ሕዋሱ፦ ኤን አይ ኤች 3ቲ3። ጆርጅ ቶዳሮ እና ሃዋርድ ግሪን በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን 3ቲ3 ባቋቋሙበት አሠራር ከአይጥ ጽንስ የተቋቋመ የሕዋስ ዘር ነው። ስሙ ራሱ አሠራሩን ይናገራል፤ በየ3 ቀኑ ወደ አዲስ ሳህን ይዛወር ነበር፣ በአንድ ሳህን 300,000 ሕዋስ። ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ መስታወት ላይ በደንብ ይዘረጋል።

ማነጻጸሪያ ጂን፦ ፖልአር2ኤ። ብዛቱ መካከለኛ ነው፣ መልእክቱ ረጅም ነው፣ ወደ ዳር የሚሄድበትም ምክንያት የለውም። ይህ ማነጻጸሪያ በኋላ ሥራውን ሁሉ አዳነው።

ፕሮብ ማዘዝና ወጪው

ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው እነ አርጁን ራጅ በ2008 ያሳተሙት ነው፦ እያንዳንዳቸው አንድ የሚያበራ ማቅለሚያ የተሸከሙ፣ 20 ገደማ ፊደል ያላቸው፣ ከመልእክቱ ጋር የሚጣበቁ አጫጭር የዲ ኤን ኤ ቁራጮች (ፕሮቦች) በአንድ መልእክት ላይ እስከ 48 ድረስ ይደረደራሉ። አንዱ ለብቻው አይታይም፤ ሁሉም አንድ ሞለኪውል ላይ ሲያርፉ ግን በማይክሮስኮፕ አንድ ጥርት ያለ ነጥብ ይሆናሉ። እያንዳንዱ ፕሮብ ባለ ማቅለሚያ ስለሆነ ለአንድ ጂን የሚጠየቀው ዋጋ ለእኛ በጀት ከባድ ነው። ሁለተኛው በ2016 የወጣው ስሚፊሽ ነው። በዚህኛው ፕሮቦቹ ማቅለሚያ የላቸውም፤ ሁሉም ጫፋቸው ላይ 28 ፊደል ያለው አንድ ዓይነት ጭራ አላቸው። ማቅለሚያ ያለው ሌላ ኦሊጎ (አጭር የዲ ኤን ኤ ቁራጭ) ከዚያ ጭራ ጋር ይጣበቃል። ውዱ ኦሊጎ አንድ ብቻ ነው፤ ለማንኛውም ጂን ያገለግላል።

ስሚፊሽን መረጥኩ። ለራብ13 ኤክስ የሚባለውን ጭራ ከሳይ3 ጋር፣ ለፖልአር2ኤ ዋይ የሚባለውን ከሳይ5 ጋር፤ ሳይ3 እና ሳይ5 በቀለም የሚለያዩ ማቅለሚያዎች ናቸው። ማቅለሚያ የሌላቸው ፕሮቦች በአንድ ጂን ጥቂት መቶ ዶላር ፈጁ፤ ሁለቱ ባለ ማቅለሚያ ኦሊጎዎች ተደምረው ከዚያ በለጡ። ግን ክምችቱ ለረጅም ጊዜ ይበቃል፤ በየጊዜው የሚጠፋው ከእያንዳንዱ ትንሽ ጠብታ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው እንቅፋት መጣ። የራብ13 ፕሮቲን ወደ 200 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለፕሮቲን የሚተረጎመው የመልእክቱ ክፍል 600 ፊደል ያህል ነው። ሁለቱ ዳርና ዳር ያሉት የማይተረጎሙ ክፍሎች ቢጨመሩም መልእክቱ አጭር ነው። ለአንድ መልእክት 24 ፕሮብ ይመከራል። ኦሊጎስታን በሚባለው ፕሮግራም ላይ ጥብቅ ማጣሪያ ስጠቀም ከዚያ በጣም ያነሰ ተረፈኝ። ማጣሪያውን በጥቂቱ አላላሁና ከሌሎቹ የራብ ቤተሰብ ጂኖች ጋር የሚመሳሰሉትን በእጄ አንድ በአንድ አወጣሁ። ይህ ቤተሰብ ብዙ አባላት አሉት፣ በመሃሉ ያለው ቅደም ተከተልም ይመሳሰላል። የማይተረጎመው ጅራት ግን የየራሳቸው ስለሆነ አብዛኛው ፕሮብ እዚያ ላይ አረፈ። ለፖልአር2ኤ ችግር አልነበረም፤ ከመልእክቱ ርዝመት የተነሳ መምረጥ ብቻ ነበር።

ጠረጴዛ፣ መስታወት፣ ሕዋስ

አር ኤን ኤን የሚበላው ኢንዛይም፣ አር ኤን ኤዝ፣ በቆዳችንም በአቧራም ላይ አለ፤ ማፍላት እንኳ በቀላሉ አያጠፋውም። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚያገለግል የፒፔት ስብስብ፣ የራሱ የጫፍ ሳጥን፣ የጠረጴዛ ማጽጃ ፈሳሽ፣ በየጊዜው የሚቀየር ጓንት አዘጋጀሁ። ሌላ የሚባል የለውም።

መስታወቱ ውፍረቱ 0.17 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ቁጥር 1.5 የሚባለው፣ ክብ ሽፋን ነው። ከዚህ ከቀጠነ ወይም ከወፈረ የዘይት ሌንሱ ነጥቡን ያደበዝዛል። ሕዋሱ እንዲጣበቅበት ፋይብሮኔክቲን በሚባል ፕሮቲን ለበጥኩት።

ሕዋሱን በተለመደው ብዛት ስዘራው ሁሉም ተጠጋግቶ እንደ ወለል ንጣፍ ተደለደለ፣ ቅጥያ የሚባል አልታየም። 3ቲ3 ጎረቤት ሲነካው መስፋፋቱን ያቆማል። ቅጥያ ከሌለ ደግሞ የምጠይቀው ጥያቄ ራሱ የለም። በጣም አሳስቼ ዘራሁ፣ ሴረም (ሕዋሱን የሚያነቃቃ የደም ፈሳሽ) በቀነሰ ምግብ አሳደርኩ፣ ከዚያ ሴረሙን መልሼ ለጥቂት ሰዓት ተውኳቸው። አሁን ረጃጅም ቅጥያዎች ወጡ። በአንድ የማይክሮስኮፕ እይታ ውስጥ ሦስት አራት ሕዋስ ብቻ ነው የማገኘው፤ ምስል ማንሳቱ ይረዝማል፣ ግን ሌላ መንገድ የለም።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ጭጋግ

የተከተልኩት አሠራር፦ ለ20 ደቂቃ በ4 በመቶ ፎርማልዲሃይድ ማጽናት (ሕዋሱን ገድሎ ባለበት ቅርጽ ማቆየት)፣ ማጠብ፣ በ70 በመቶ ኢታኖል በ4 ዲግሪ ማሳደር። ፕሮቡንና ባለ ማቅለሚያውን ኦሊጎ አስቀድሞ በፒ ሲ አር ማሽን ማጣመር፤ 85 ዲግሪ 3 ደቂቃ፣ 65 ዲግሪ 3 ደቂቃ፣ 25 ዲግሪ 5 ደቂቃ። ከዚያ 15 በመቶ ፎርማማይድ እና 10 በመቶ ገደማ ዴክስትራን ሰልፌት ባለበት ፈሳሽ ውስጥ በ37 ዲግሪ ማሳደር፣ በማግስቱ ሁለት ጊዜ ለ30 ደቂቃ ማጠብ። ፎርማማይድ ጽንስን የሚጎዳ ኬሚካል ስለሆነ የሚሠራው በጭስ መሳቢያው ውስጥ ብቻ ነው።

የወጣው ግራጫ ጭጋግ ነው። ኑክሊየሱ ውስጥ ኑክሊዮሎች የሚባሉት ትናንሽ አካላት ያበራሉ፣ ከኑክሊየሱ ውጭ ያለው የሕዋሱ ክፍል፣ ሳይቶፕላዝሙ፣ እንደ ደመና ነው፣ ነጥብ የለም።

ፕሮብ የሌለበትን፣ ባለ ማቅለሚያው ኦሊጎ ብቻ ያለበትን መስታወት ሳይ ጭጋጉ እኩል ነበር። ስለዚህ ብርሃኑ ከራብ13 ጋር ግንኙነት የለውም፤ ያልታጠበ ኦሊጎ ነው። የነጥቡ መጥፋት ግን ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። በየተራ የቀየርኩት ይህን ነው፦ የባለ ማቅለሚያው ኦሊጎ መጠን ቀነሰ፤ እጥበቱ ረዘመ፣ በሙቅ ውኃ መታጠቢያም ላይ ሆነ። ዴክስትራን ሰልፌቱን መቀላቀል ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ተገኘ። ይህ ኬሚካል ፈሳሹን እንደ ሙጫ ያወፍራል፤ ለፕሮቦቹ የሚቀረውን ቦታ በማጥበብ ዒላማቸውን ቶሎ እንዲያገኙ ያደርጋል። ከታች ከተዘቀጠ ግን ፕሮቡ ከላይ ይቀራል። ቀስ ብሎ በሚሽከረከር መደርደሪያ ላይ ትቼ ነው አሁን የምቀላቅለው። መስታወቱንም ፓራፊልም በሚባል የሰም ሽፋን ላይ ባረፈ ጠብታ ላይ ገልብጬ፣ እርጥብ ወረቀት ባለበት በተዘጋ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ዳሩ ከደረቀ ዳሩ ያበራል።

ነጥብ ታየ። መጀመሪያ በፖልአር2ኤ፣ ከዚያ በደከመ ብርሃን በራብ13።

ነጥቡ አንድ ሞለኪውል ነው?

ነጥብ ማየት አያረካኝም፤ አቧራም ነጥብ ነው። ያደረግኩት ማረጋገጫ፦ አንድ መስታወት ከፕሮብ በፊት በአር ኤን ኤዝ ኤ ታጠበ፤ ነጥቦቹ ጠፉ። የነጥቦቹ ብርሃን ሲሰላ በአንድ ጉብታ ዙሪያ ተሰበሰበ፤ ነጥቦቹ በዘፈቀደ የተጣበቀ ቆሻሻ ቢሆኑ ኖሮ ብርሃናቸው ከደካማ እስከ ኃይለኛ ተበታትኖ ይገኝ ነበር። በኑክሊየሱ ውስጥ ጥቂት ከሌሎቹ የጎሉ ነጥቦች አሉ፤ እነዚያ ጂኑ በሚገለበጥበት ቦታ ገና ያልተለያዩ በርካታ ቅጂዎች ናቸው።

ምስሉ የሚነሳው በ100 እጥፍ የዘይት ሌንስ፣ በ0.3 ማይክሮሜትር ርቀት ከታች እስከ ላይ በንብርብር ነው። የብርሃን ወሰን 200 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ከዚያ የቀረቡ ሁለት ቅጂዎች አንድ ይመስላሉ። ሳይ5 ቶሎ ስለሚደክም በቅድሚያ ይነሳል፣ ቀጥሎ ሳይ3፣ ቀጥሎ የሕዋሱን ዳር የሚያሳየው አረንጓዴ ማቅለሚያ፣ በመጨረሻ ኑክሊየሱን የሚያሳየው ዳፒ። የየቀለሙ ምስል በጥቂት ፒክሰል ስለሚዛነፍ ሁሉንም ቀለም የሚያበሩ ጥቃቅን ዶቃዎችን በየቀኑ አነሳለሁ። ነጥብ የሚለየው ቢግ ፊሽ የሚባለው የፓይተን ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው።

የሕዋሱ ዳር የት ነው?

ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ ረዘም አድርጌ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው የነጥብ ምስል ሲያሳይ ዳሩን በነጭ መስመር በእጁ ይሥላል። መልእክቱ «ዳር ላይ ነው» ብሎ ለመናገር ግን ዳሩ ራሱ መለካት አለበት። ቅጥያው ወደ ጫፉ ሲደርስ በጣም ቀጭን ነው፤ ከውስጡ የሚወጣው ብርሃንም ጥቂት ነው። ደካማ ቀለም ከተጠቀምኩ ሕዋሱ ከእውነተኛ ጫፉ ቀድሞ ያለቀ ይመስላል፤ ራብ13 ደግሞ በትክክል እዚያ በጠፋው ክፍል ውስጥ ነው። ነጥቦቹ «ከሕዋስ ውጭ» ተብለው ይጣላሉ።

መጀመሪያ የተሞከረው የሕዋስ ሽፋንን የሚያቀልም ማቅለሚያ ነበር። አልሠራም፤ ምክንያቱም 70 በመቶ ኢታኖል የሽፋኑን ስብ አጥቦ ይወስደዋል። የሚቀለመው ነገር ራሱ የለም። ቀጥሎ ፋሎይዲን ተሞከረ፤ የአክቲን ገመዶችን አሳምሮ ያሳያል፣ ግን በገመዶቹ መካከል ክፍተት ይተዋል፣ ፕሮግራሙም ሕዋሱን ይቆራርጠዋል። የሠራው ኤን ኤች ኤስ ኤስተር ያለው አረንጓዴ ማቅለሚያ ነው። ይህ ከማንኛውም ፕሮቲን አሚን ጋር ስለሚጣበቅ ሕዋሱን ሙሉ በሙሉ ይሞላል፣ ቀጭኑንም ቅጥያ ጭምር። ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚወስደው ጊዜም አጭር ነው። ለዚህ ሥራ ከገዛሁት ሁሉ በጣም የተጠቀምኩበት እሱ ነው።

ዳሩን የሚከተለው ሴልፖዝ የሚባል ፕሮግራም ነው። ክብ ሕዋስን ጎበዝ ነው፤ ረጅም ቅጥያን ግን ከሕዋሱ ቆርጦ እንደ ሌላ ሕዋስ ይቆጥረዋል። በእጄ እያረምኩ በ3ቲ3 ምስሎች እንደገና አሠለጠንኩት፤ አሁን ከበፊቱ በጣም ይሻላል። ያም ሆኖ እያንዳንዱን ሕዋስ በዓይኔ ሳላይ አላልፍም።

የውፍረት ወጥመድ

ዳሩ ከታወቀ በኋላ ንብርብሮቹን ወደ አንድ ምስል ጨፈለቅኩና ፖልአር2ኤን አየሁ። በኑክሊየሱ ዙሪያ ተከማችቷል፣ ዳር ላይ ሳስቷል። በዚህ ምስል ብቻ ቢፈረድ ኖሮ «ፖልአር2ኤ ወደ ኑክሊየሱ ይሳባል» ይባል ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ሕዋሱ መሃሉ ወፍራም፣ ዳሩ ስስ ነው። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው አንድ እንጀራም አሥር እንጀራ የተቆለለበትም ሞሰብ ያው ክብ ነው፤ ቁልሉ በበዛበት ግን ብዙ እንጀራ አለ። መሃሉ ላይ ብዙ ነጥብ የታየው ብዙ ሳይቶፕላዝም ስላለ ነው።

ስለዚህ ራብ13ን መመዘን ያለብኝ በዚያው ሕዋስ ካለው ፖልአር2ኤ ጋር ነው። መለኪያው ሚሊ ቤተ ሙከራ በ2019 ያሳተመው የዳርቻ ስርጭት መጠን ነው። ነጥቦቹ ከኑክሊየሱ መሃል ምን ያህል እንደራቁ ይሰላል፣ በሕዋሱ ስፋት ላይ እኩል ቢበተኑ ኖሮ ለሚኖራቸው ርቀት ይካፈላል። 1 ከሆነ እኩል ተበትኗል፣ ከ1 በላይ ወደ ዳር፣ ከ1 በታች ወደ መሃል ማለት ነው። ፖልአር2ኤ ከ1 በታች ወጣ፤ በውፍረቱ ምክንያት የሚጠበቅ ነው። ራብ13 በአብዛኛው ሕዋስ ከ1 በላይ ወጣ፣ በአንድ ሕዋስ ውስጥም ከፖልአር2ኤ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ታየ። ቅጥያ በሌላቸው ክብ ሕዋሳት ልዩነቱ ይጠባል። ቁጥሩን ሳየው ከወንበሬ ተነሳሁ፤ ከምስል ወደ ልኬት የተሸጋገርኩት ያኔ ነው።

በጫፉ ላይ ያሉት የጎሉ ነጥቦች

በአንዳንድ ቅጥያ ጫፍ ላይ ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ የሚያበሩ የራብ13 ነጥቦች አሉ። ቆሻሻ ናቸው ብዬ ልጥላቸው ነበር። ቆሻሻ ግን ብዙ ጊዜ በሁሉም ቀለም ያበራል፤ እነዚህ በሳይ3 ብቻ ናቸው፣ በአር ኤን ኤዝ በታጠበው መስታወት ላይም የሉም። እነ ሞይሶግሉ በ2019 እንዳሳዩት፣ ቅጥያው ሲሰበሰብ እንዲህ ያሉ መልእክቶች ጫፉ ላይ ይሰባሰባሉ፣ መተርጎማቸውንም ያቆማሉ። በተዘረጋው ቅጥያ ላይ ግን ነጠላ ሆነው ይተረጎማሉ።

ለእኔ ይህ ማለት «አንድ ነጥብ አንድ ቅጂ» የሚለው ሕግ በትክክል በምፈልገው ቦታ ላይ ይፈርሳል ማለት ነው። ነጥብ ብቻ ከቆጠርኩ ዳሩን አሳንሳለሁ። ቢግ ፊሽ የጎላውን ነጥብ በነጠላው ነጥብ ብርሃን አካፍሎ ስንት ቅጂ እንደያዘ የሚገምት ክፍል አለው፤ እሱን ጨመርኩ። የድሮዎቹን ምስሎችም ሁሉ በዚያው እንደገና አሰላሁ፤ የራብ13 ቁጥር ከፍ አለ፣ የፖልአር2ኤ አልተነቃነቀም።

ከጸና ሕዋስ ላይ ቅጥያው እየተዘረጋ ይሁን እየተሰበሰበ መናገር አይቻልም። ከማጽናቴ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ሕዋሱን በሕይወት እያለ መቅረጽ፣ ከዚያ በዚያው ቦታ ላይ ማጽናትና ማቅለም ያስፈልጋል። ታችኛው ላይ ፍርግርግ ቁጥር የተቀረጸበት የመስታወት ሳህን ተገዝቷል፤ ውድ ነው፣ ግን ያንኑ ሕዋስ በማግስቱ መልሶ ለማግኘት ሌላ ዘዴ አላየሁም።

ኖኮዳዞል

ማን ያደርሰዋል? መልእክቱ የሚጓጓዝበትን የሕዋሱን ሐዲድ፣ ማይክሮቲዩቡልን፣ የሚያፈርሰውን ኖኮዳዞል የተባለ መድኃኒት ሰጠሁ፣ ለማነጻጸሪያ መሟሟቻውን ብቻ። ረዘም ያለ ጊዜ ስሰጥ ሕዋሱ ተኮማተረ፤ ማይክሮቲዩቡል ሲፈርስ ጂኢኤፍ ኤች1 የሚባል ፕሮቲን ይለቀቃል፣ እሱም ሮ የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን ያነሳሳል፣ ሕዋሱም ይኮማተራል። ቅርጹ ከተለወጠ የዳርቻው ቁጥር ምን እንደሚል መተርጎም አይቻልም። ጊዜውን አሳጠርኩ። አሁን ቅርጹ ጸና፣ ራብ13ም ብዙ አልተነቃነቀም። በፀረ እንግዳ አካል ሳቀልም ምክንያቱ ታየ፦ ታይሮሲን የሚባለው የጫፋቸው አሚኖ አሲድ የተወገደላቸው፣ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ማይክሮቲዩቡሎች በቅጥያው ውስጥ ቀርተዋል። እነዚህ ኖኮዳዞልን ይቋቋማሉ፤ የ2008ቱ ሥራም እነዚህን መልእክቶች ያገናኘው በትክክል ከእነሱ ጫፍ ጋር ነው።

ስለዚህ መንገዱን ከማፍረስ ይልቅ ተሸካሚውን ማስወገድ ይሻላል። በ2021 የወጣ ሥራ ራብ13ን ጨምሮ ይህን የመልእክት ቡድን ወደ ቅጥያ የሚያደርሰው ኪፍ1ሲ የሚባል ኪኔሲን (በማይክሮቲዩቡል ላይ የሚጓዝ ሞተር ፕሮቲን) መሆኑን አሳይቷል፤ ይህ ሞተር የራሱንም መልእክት ይሸከማል። ኪፍ1ሲን የሚያዳክም ኤስ አይ አር ኤን ኤ የሚባል አጭር አር ኤን ኤ እና ለኪፍ1ሲ መልእክት የሚሆን የስሚፊሽ ፕሮብ አብረው ታዘዋል፤ ጭራው ኤክስ ስለሆነ ያለኝ ሳይ3 ይበቃዋል። እስኪደርሱ ድረስ የሚሠራው፦ በፍርግርግ ሳህኑ ላይ የሕይወት ቀረጻውን መሞከር፣ ሴልፖዝን በጠባብ ቅጥያዎች ላይ ተጨማሪ ማሠልጠን፣ የዴክስትራን ሰልፌቱን ክምችት አዲስ ማዘጋጀት።